ያለ ፍርድ የሄደች ጤና

አባቶቻችን «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» ይሉ ነበር። ዳኛ ፊት ቆሜ፣ ተከራክሬና ተረትቼ ካጣኋት በቅሎ ይልቅ ማንም ሳይጠይቀኝ የተነጠቅኋት አንዲት ጭብጦ ታንገበግበኛለች ማለታቸው ነው። በቅሎና ጭብጦ በዋጋ አይገናኙም። ሰው ግን ንብረቱ ሲወሰድበት ከሚያጣው ነገር በላይ «ለምን ተወሰደብኝ?» ብሎ የሚጠይቅበት ቦታ ማጣቱ ይከፋበታል። እስቲ ይህን አሮጌ አነጋገር ከበቅሎና ከጭብጦ አንሥተን ወደ ጤና እናምጣው። ጤናውን በሰው ቤት ውሃ ያጣ ሰው ማንን ይጠይቃል? ቢጠይቅስ ምን ያተርፋል?

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን አንድ ሰው እናስብ። ለሥራ ከአዲስ አበባ ወደ አሶሳ ይሄዳል። ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አንድ ማረፊያ ቤት ያድራል፤ ከክፍሉ ቧንቧ ይጉመጠመጣል፤ በዚያው ውሃ የታጠበ ሰላጣ ይበላል፤ ሥራውን ጨርሶ ይመለሳል። ሁለት ሳምንት ቆይቶ ትኩሳት ይጥለዋል። ጤና ጣቢያ ሄዶ ደሙን ይሰጥና «ታይፎይድ» የሚል ወረቀት ይዞ ይወጣል። መድኃኒት ይገዛል፣ ከሥራ ይቀራል፣ ቤተሰቡ ይሸበራል። ትኩሳቱ በረድ ሲልለት፣ አልጋው ላይ እንደተኛ፣ «ለመሆኑ ይኼ ነገር የት አገኘኝ?» ይላል። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ይህች ጥያቄ ናት።

የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል የውሃ ድሃ ነው የሚል ሰው የለም። ዝናቡ ከግንቦት እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። ዓባይ ወደ ሱዳን የሚወጣው ይህን ምድር አቋርጦ ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴው ግድብ ጉባ ላይ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ እንዲይዝ ሆኖ ተሠርቷል። ይሁንና በክልሉ ውስጥ ባሕር የሚያህል ውሃ መተኛቱ ሌላ፣ ከአንድ ቤት ቧንቧ ንጹሕ ውሃ መውረዱ ሌላ ነው። በአሶሳ፣ እንደ ብዙዎቹ ከተሞቻችን ሁሉ፣ የቧንቧ ውሃ መጥቶ ይሄዳል፤ ሄዶም ይቆያል። ስለዚህ አቅም ያለው ሁሉ በሰገነቱ ወይም በብረት ማማ ላይ ሮቶ ይሰቅላል። ሆቴሉም፣ የተማሪዎች ማደሪያውም፣ ክሊኒኩም፣ መሥሪያ ቤቱም እንዲሁ ነው። ሮቶ የሌለው በጀሪካን ያስቀዳል፤ የባሰበት ከቦቴ ይገዛል።

እንግዲህ የውሃውን መንገድ እንከተል። ውሃው ከጉድጓድ ይወጣል፤ ማጠራቀሚያ ይገባል፤ ክሎሪን ይደረግበታል፤ በመንገድ ሥር ባለው ቧንቧ ይሄዳል። ቧንቧው ሁልጊዜ ሙሉ ቢሆን ኖሮ የውሃው ግፊት ቆሻሻ አያስገባም ነበር። ውሃ ሲቋረጥ ግን ቧንቧው ባዶ ይሆናል፤ ባዶ ሲሆን በተሰነጠቀበትና በላላው መጋጠሚያ በኩል በዙሪያው ያለውን ፍሳሽ ይስባል። በማግሥቱ ውሃ ሲለቀቅ ያን ይዞ ወደ ሮቶው ይወጣል። ሮቶው በፀሐይ እየሞቀ ቀናት ሲቆይ የነበረው ክሎሪን ይተናል። ክዳኑ ከተከፈተ አቧራና የወፍ ኩስ ይገባበታል፤ ሥሩም ደለል ያበጃል። ከዚያ የእንግዳው ክፍል ቧንቧ ይከፈታል።

በዚህ መንገድ ላይ ስንት እጅ አለ? ጉድጓዱን የቆፈረው፣ ክሎሪኑን የለካው፣ ቧንቧውን የቀበረው፣ የሽንት ቤቱን ጉድጓድ ለቧንቧው አስጠግቶ የቆፈረው ጎረቤት፣ ሮቶውን የሰቀለው፣ ሳያጥበው የቆየው ዘበኛ፣ «እጠበው» ብሎ ያላዘዘው ባለቤት። ሁሉም በየድርሻው ጥቂት ጥቂት አዋጥቷል፤ ሁሉም ተጠይቆ ወደሚቀጥለው ይጠቁማል። ሰው በዱላ ሲመታ መቺው አንድ ነው። በውሃ ሲታመም ግን በዳዩ እንደ ውሃው ይሟሟል።

ሕጋችን ይህን ችግር ፈጽሞ አላሰበበትም ማለት አይቻልም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው፣ ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ያረቀቀው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከውል ውጭ ስለሚደርስ ኃላፊነት ሰፊ ምዕራፍ አለው። በቁጥር 2028 በጥፋቱ ሌላውን የጎዳ ሰው ጉዳቱን እንዲክስ ያዛል። በቁጥር 2077 ደግሞ ከዚህ አልፎ፣ የሕንፃ ባለቤት ሕንፃው ላደረሰው ጉዳት፣ ጉዳቱ አስቀድሞ ሊታሰብ የማይችል ቢሆንም እንኳ፣ ኃላፊ ነው ይላል። በቁጥር 2126 የመንግሥት ሠራተኛ በሥራው ላይ ጥፋት ሲሠራ ተበዳዩ መንግሥትን ካሳ ሊጠይቅ እንደሚችል ይደነግጋል። ግድግዳ ሲፈርስ «ሕንፃው ጎዳኝ» ማለት ቀላል ነው። በዚያው ግድግዳ ውስጥ የሚሄደው ቧንቧ ያመጣው በሽታስ የሕንፃው ጉዳት ነው? ጠበቆች ይከራከሩበት። ለተራ ሰው ሕሊና ግን መልሱ ሩቅ አይመስለኝም፤ ጣራውን አከራይቶ ገንዘብ የተቀበለ ሰው ከጣራው ሥር የሚፈሰውን ውሃም አብሮ አከራይቷል።

ችግሩ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ሕጉ ከሳሹን የባለቤቱን ጥፋት ከማስረዳት ቢያሳርፈውም፣ ሕመሙ ከዚያ ቤት መምጣቱን ከማስረዳት አያሳርፈውም። እንግዳችን ምን ይዟል? ታይፎይድ ሰውነት ውስጥ ከገባ በኋላ ለመታየት ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ይወስዳል። በእነዚያ ሳምንታት ውስጥ ሰውየው በመንገድ ላይ ስንት ከተማ በልቷል፣ ስንት ቤት ጠጥቷል። በእጁ ያለችው ወረቀትም ደካማ ናት። በየጤና ጣቢያው የሚደረገው ዊዳል የተባለው የደም ምርመራ ብዙ ጊዜ ያልታመመውን «ታመሃል» የሚል፣ የታመመውንም የሚያልፍ መሆኑ የታወቀ ነው። ተሕዋሲውን ከደም አሳድጎ የሚያሳየው ምርመራ ደግሞ በየቦታው አይገኝም። ሮቶውም ቢሆን ይህን ጊዜ ታጥቦ ይሆናል፤ ወይም ውሃው አልቆ በሌላ ተተክቷል። ውሃ እንደ ደም እድፍ ተጣብቆ አይቆይም፤ ምስክርነቱን ይዞ ይፈሳል።

እዚህ ላይ ባለቤቱ አንድ መከላከያ ያቀርባል፤ «አላውቅም ነበር» ይላል። በሥነ ምግባር ረገድ ከሁሉ የሚከብደው ይህ መልስ ነው፤ ብዙ ጊዜ እውነት ነውና። ማንም ባለሆቴል እንግዳውን ለማሳመም ሮቶ አይሰቅልም። ነገር ግን አለማወቅ ሁለት ዓይነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 በአሜሪካ ፊላደልፊያ፣ ቤልቩ ስትራትፎርድ በተባለ ታላቅ ሆቴል የቀድሞ ወታደሮች ተሰብስበው ሳለ ያልታወቀ የሳንባ በሽታ ገባባቸው፤ ከ200 በላይ ሰዎች ታመው 34ቱ ሞቱ። ኋላ «ሌጂኔላ» የሚል ስም የወጣለትን ተሕዋሲ ሐኪሞቹ ያገኙት በማግሥቱ ዓመት ነው። ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ይራባል፤ ውሃው በማቀዝቀዣ ወይም በሻወር ብናኝ ሆኖ ሲወጣ በትንፋሽ ይገባል። በዚያ በጋ የሆቴሉ ባለቤቶች ይህን ሊያውቁ አይችሉም ነበር፤ በዓለም ላይ የሚያውቅ ሰው አልነበረማ። ከ26 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2002፣ በእንግሊዝ አገር ባሮው በምትባል ከተማ በማዘጋጃ ቤቱ የባህል ማዕከል ማቀዝቀዣ ያው ተሕዋሲ ተነሥቶ ሰባት ሰዎች ሲሞቱ ግን «አላውቅም» የሚለው ቃል ሌላ ነገር ሆኗል። የማቀዝቀዣው ውሃ መታከም ከጥገናው ውል ወጥቶ እንደነበር ታወቀ። የመጀመሪያው አለማወቅ የሰው ልጅ ሁሉ ድንቁርና ነው። ሁለተኛው ሊጠየቅ የሚገባው ጥያቄ ሳይጠየቅ የቀረ ነው። ሮቶውን ለሦስት ዓመት ከፍቶ ያላየ ሰው ውስጡ ምን እንዳለ አያውቅም፤ ያላወቀው ግን ስላልወጣ ነው።

የእኛ አገር ታሪክ ከዚህም የከረረ ምሳሌ አለው። ወንጂ። የሆላንዱ ኤች.ቪ.ኤ. ኩባንያ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ያስጀመረው የስኳር ፋብሪካ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነው። ለሠራተኞቹ መንደር ተሠራ፤ ለመንደሮቹ የጉድጓድ ውሃ ተሰጠ። የስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ ደግሞ ከእሳተ ገሞራው አለት ፍሎራይድ ይዞ ነው የሚወጣው። የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ ሊትር ከ1.5 ሚሊ ግራም በላይ እንዳይሆን ይመክራል፤ የወንጂ ጉድጓዶች ከዚህ በብዙ እጥፍ ያለፈ ነበረባቸው። ውሃው ኩልል ያለ ነው፤ አይሸትም፤ በማግሥቱም አያሳምምም። አስቀድሞ የልጆች ጥርስ ይበልዛል። ከዐሥርና ከሃያ ዓመት በኋላ ደግሞ አገዳ ሲቆርጥ የኖረው ሠራተኛ አንገቱን ማዞር ያቅተዋል፤ አከርካሪው ይደርቃል፤ ይጎብጣል። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው ይህን ሕመም በስምጥ ሸለቆ ሕዝብ ላይ አጥንተው አሳይተውናል። «ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» የሚባለው ለካ በጎርፍ ብቻ አይደለም።

ወንጂ ላይ መርዝ የጨመረ ሰው አልነበረም፤ ፍሎራይዱ የተፈጥሮ ነው። ሠራተኛው ግን ያን ውሃ የጠጣው መርጦ አይደለም። ቤቱ የኩባንያው፣ ቧንቧው የኩባንያው፣ እንጀራውም የኩባንያው ነበር። ለሰው ሌላ አማራጭ የማይተው ሰው የዚያን አንድ አማራጭ ደኅንነት የመመርመር ግዴታ በትከሻው ላይ ይወድቃል ብዬ አምናለሁ። አሁን ወደ ሕጉ እንመለስ። በቁጥር 2143 መሠረት ተበዳዩ የካሳ ክሱን ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን አንሥቶ በሁለት ዓመት ውስጥ ማቅረብ አለበት። የወንጂው ሰው ጉዳቱ የደረሰበት መቼ ነው? የመጀመሪያዋን ጣሳ የጠጣ ቀን? ጥርሱ የበለዘ ዓመት? ወይስ ጎንበስ ብሎ ቀና ማለት ያቃተው ጧት? ፋብሪካው በ1967 ዓ.ም. ተወርሶ ባለቤቱ ተለውጧል። ይርጋ ሰው በአሮጌ ነገር እንዳይነታረክ የተበጀ መልካም ሥርዓት ነው። ዐሥር ዓመት ተደብቆ የሚቆይ ሕመም ሲያጋጥመው ግን በዳዩን ብቻ የሚጠብቅ አጥር ይሆናል።

ለጥያቄው እንቅፋት የሚሆነው ጊዜ ብቻ አይደለም፤ ስምም አለ። በ1998 እና በ2008 ዓ.ም. በአገራችን ወረርሽኝ ሲነሣ የመንግሥት መግለጫዎች «አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት»፣ በአጭሩ «አተት»፣ ከማለት አላለፉም። «ኮሌራ» የሚለው ቃል በይፋ የተነገረው በ2011 ዓ.ም. ወረርሽኝ ነው። ቱሪስት እንዳይቀር፣ ንግድ እንዳይጎዳ ተብሎ ይሆናል። ነገር ግን «ተቅማጥ» ምልክት ነው፤ «ኮሌራ» ምክንያት ነው። ምክንያቱ ከተሰወረበት ሰው እጅ ክሱም አብሮ ይወሰዳል።

አንዳንዱ ደግሞ ምክንያቱም ስሙም ታውቆለት በሩ ይዘጋበታል። በአሶሳ ዙሪያ፣ በሸርቆሌና በባምባሲ መጠለያዎች፣ ጦርነት ከአገራቸው ያስወጣቸው ሱዳናውያንና ደቡብ ሱዳናውያን ይኖራሉ። ውሃቸው በመንግሥትና በዓለም አቀፍ ድርጅቶች ታንከር በኩል የሚመጣ ነው። እዚያ ያለው ውሃ ተበከለ አላልኩም። ቢበከል ስደተኛው ማንን ይከሳል ብሎ መጠየቅ ግን ተገቢ ነው። ሄይቲ መልሱን አይታዋለች። እ.ኤ.አ. በ2010 ከተባበሩት መንግሥታት ሰላም አስከባሪዎች ሰፈር የወጣ ፍሳሽ ኮሌራን ወንዝ ውስጥ አስገባ፤ ወደ 10,000 ሰው ገደማ አለቀ። ተጎጂዎቹ እ.ኤ.አ. በ2013 ኒው ዮርክ ላይ ከሰሱ። ድርጅቱ ያለመከሰስ መብት አለው ተብሎ ክሱ ተዘጋ፤ ይግባኙም እ.ኤ.አ. በ2016 ወደቀ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ዋና ጸሐፊው ባን ኪ ሙን የሄይቲን ሕዝብ ይቅርታ ጠየቁ። ይቅርታው ትልቅ ነገር ነው፤ ግን በፍርድ የመጣ አልነበረም። ሰጪው በወደደ ጊዜ የሚሰጠው ነገር ምጽዋት እንጂ ፍርድ ተብሎ አይጠራም።

እንግዲህ «የት አገኘኝ?» የምትለው ጥያቄ በማስረጃ፣ በይርጋ፣ በስምና በመብት ተዘግቶባት ወዴት ትሄዳለች? ብዙ ጊዜ ወደ ሰማይ ትወጣለች። «የእግዜር ሥራ ነው»፣ «አላህ ያለው ነው» ይባላል። ይህን አባባል የማቃልል ሰው አይደለሁም፤ ልጁን ለቀበረ ሰው ሌላ ምርኩዝ የለውም። ነገር ግን ታማሚው በእምነቱ ሲጽናና፣ ባለሮቶውም በዚያው እምነት ጥላ ሥር ይጠለላል። ፈጣሪ ላይ የተላከከ ጥፋት ደግሞ ነገም ይደገማል።

ጥያቄዋ ወደ ሰማይ ካልወጣች ወደ ጎረቤት ትዞራለች፤ ይህ ደግሞ የባሰ ነው። አባቶቻችን የተሰወረ በደለኛን የሚፈልጉበት ሁለት መንገድ ነበራቸው። አንዱ ሌባሻይ ነው። አንድ ልጅ የሚያሰክር መድኃኒት ይጠጣና መንደሩን እየተንገዳገደ ይዞራል፤ ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል። ሁለተኛው አፈርሳታ ነው፤ አውጫጭኝ የሚሉትም አለ። አገሬው ሁሉ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ እያንዳንዱ ያየውንና የሰማውን ይናገራል፤ ነገሩ እስኪወጣ ወደየቤቱ አይበተንም። ካልወጣም ዕዳው በአገሬው ላይ ይወድቃል። አፈርሳታ እንከን አልነበረውም አንልም፤ ሰው ከሥራው ይፈታል፤ ቂመኛም ይጠቀምበታል። ነገር ግን አንድ ታላቅ ሐሳብ ነበረው፤ የተበደለው ሰው በዳዩን ፍለጋ ብቻውን አይንከራተትም፤ የሚያውቅ ሁሉ ወጥቶ የመናገር ግዴታ አለበት።

ሌባሻይ ከተከለከለ ዘመን አልፎታል፤ ወሬ ግን ሥራውን ወርሷል። በሽታ ሲገባ ወሬው እየተንገዳገደ ይዞርና ከደካማው ደጃፍ ይወድቃል፤ «ስደተኛው ያመጣው ነው»፣ «ሰፋሪው ነው»፣ «ያኛው ጎሣ ነው»። በርታው፣ ጉሙዙ፣ ሺናሻው፣ ማኦውና ኮሞው፣ በ1977ቱ ድርቅ ጊዜ ከወሎ የመጣው ሰፋሪ፣ ነጋዴውና ስደተኛው አብረው በሚኖሩበት ክልል፣ ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በካማሺና በመተከል ያን ያህል ደም በፈሰሰበት ምድር፣ እንዲህ ያለ ወሬ ቀልድ አይደለም። ስለዚህ የውሃ ክስ የጠበቆች ገበያ ብቻ ተደርጎ ሊታይ አይገባውም። ፍርድ ቤት ጥያቄውን ካልተቀበለው ሌባሻዩ ይቀበለዋል።

አንድ ጠንካራ ተቃውሞ አለ፤ ሳይሰማ ሊታለፍ አይገባም። «በድሃ ከተማ ውስጥ እንዲህ ያለ ክስ ከተፈቀደ ያለችው አንዲት ክሊኒክ ትዘጋለች፤ ሆቴሉ በዕዳ ይወድቃል፤ የመንግሥት ሆስፒታል የሚከፍለው ካሳ ከመድኃኒት መግዣው ይወጣል» የሚል ነው። እውነት አለው። በባሮው ማዘጋጃ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2006 125,000 ፓውንድ ሲቀጣ ገንዘቡ የወጣው ከከተማው ሕዝብ ኪስ ነው፤ ሟቾቹን የቀበረው ያው ሕዝብ ለሟቾቹ መቀጫ ከፈለ። በእኛ ሕግ ደግሞ የካሳው ነገር በሌላ በኩል ያሳዝናል። በቁጥር 2116 የሕሊና ጉዳት ካሳ ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ተወስኗል። በ1952 ዓ.ም. 1,000 ብር ገንዘብ ነበር። ዛሬ ከአሶሳ አዲስ አበባ ለተመላለሰ ሰው ስንቅ አይበቃም።

ተቃውሞው ግን ክስን ከገንዘብ ጋር ብቻ ያያዘ ነው። ስለ ጭብጦዋ የተረተው ሰው ጭብጦዋን አልነበረም የፈለገው። ታማሚው ከሁሉ በፊት የሚገባው ነገር እውነቱን ማወቅ ነው፤ ይህ ደግሞ ከካሳ ይልቅ ርካሽ ነው። አንድ ደብተር ይበቃል። ሮቶው የታጠበበት ቀን፣ ክሎሪን የተጨመረበት ቀን፣ ውሃው የተመረመረበት ቀንና ውጤቱ፣ የሠራው ሰው ፊርማ። ደብተሩ ያለው ባለቤት ሲከሰስ ደብተሩን ይከፍታል፤ ንጹሕ ከሆነ ንጽሕናው ይታወቅለታል፤ ከወሬም ይድናል። ፊላደልፊያ ላይ ሆቴሉ ምክንያቱ ሳይታወቅ በፊት እንግዳ ሸሽቶት በዚያው ዓመት መዘጋቱን እናስታውስ። ደብተር የሌለው ባለቤት ግን፣ እኔ እንደሚመስለኝ፣ የማስረዳቱ ሸክም ከታማሚው ትከሻ ወርዶ በእርሱ ላይ ሊጫን ይገባል። የሮቶው መሰላልና ቁልፍ በእርሱ እጅ ነውና፤ ታማሚው ወጥቶ ሊያይ አይችልም፤ እርሱ ይችላል።

ይህ ከሕጋችን መንፈስ የራቀ ሐሳብ አይደለም። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ማንም ሰው፣ እርሱ ራሱ ተጎጂ መሆኑን ማሳየት ሳያስፈልገው፣ ስለ ብክለት ለሚመለከተው ባለሥልጣን አቤት እንዲል ፈቅዷል፤ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካላገኘ ወይም ውሳኔው ቅር ካሰኘው ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። ለወንዝ የተፈቀደ ጥያቄ ለሮቶ የሚከለከልበት ምክንያት አይታየኝም።

ድሮ ባላገር መንገድ ላይ ሲበደል «በሕግ አምላክ!» ይል ነበር፤ በዳዩም፣ ጉልበተኛም ቢሆን፣ ቆሞ ይሰማል። ቃሉ ካሳ አይከፍልም፤ የሚያደርገው ማቆም ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ነገሩ ወደ ዳኛ ይሄዳል። ዛሬ አሶሳም ሆነ አዲስ አበባ፣ ሮቶ ሥር የቆመ ሰው ይህን ሲል የሚቆምለት ማን ነው? ባለቤቱ? ጤና ቢሮው? ውሃና ፍሳሹ? ሦስቱም «እኔ ነኝ» ሊሉ የሚገባ ይመስለኛል፤ እስካሁን ግን አንዱ ሌላውን እያየ ነው።